በየሳምንቱ አዲስ ነገር የምሞክር የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ፤ ሥራ ነው ወይስ ጨዋታ?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው የምሠራው። መጽሐፍ እመዘግባለሁ፣ አውሳለሁ፣ የተመለሰውን መደርደሪያው ላይ አስቀምጣለሁ፣ አንባቢ ሲጠይቀኝ እረዳለሁ። ከአንድ ዓመት ወዲህ ግን ሌላ አመል አውጥቻለሁ። በየሳምንቱ አንድ አዲስ የኢንተርኔት መሣሪያ እሞክራለሁ።

ብሎግ ከፈትኩ። ፖድካስት ጀመርኩ፤ ሁለት ክፍል ቀድቼ ሦስተኛው ላይ የገዛ ድምፄን መስማት ስላስጠላኝ ተውኩት። የቴሌግራም ቻናል አለን። መደርደሪያዎቹ ላይ ኪውአር ኮድ ለጥፌያለሁ። አዲስ የገቡ መጻሕፍትን በአጭር ቪዲዮ አስተዋውቃለሁ። ሰሞኑን ደግሞ ከኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ጋር ስነታረክ ነው የምውለው።

ሐሳቡን ከየት አመጣሽው ለምትሉኝ፣ «23 ነገሮች» ከሚባለው ሥልጠና ነው። ሄለን ብሎወርስ የምትባል ባለሙያ አሜሪካ ውስጥ፣ ሻርሎት በሚገኝ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ በ2005 ያስጀመረችው ነው። ሠራተኛው 23 ሳምንት ሙሉ በየሳምንቱ አንድ ነገር ይሞክራል። ብሎግ፣ ዊኪ (ብዙ ሰው አብሮ የሚጽፍበት ድረ ገጽ)፣ ፎቶ ማጋሪያ፣ የመሳሰሉትን። (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

አለቃዬ ስልክ ላይ ተጥጄ ባየኝ ቁጥር ፊቱ ይለወጣል። አንዷ ባልደረባዬም ጨዋታዬን ስጨርስ የሚመዘገብ መጽሐፍ ተቆልሎ እንደሚጠብቀኝ ነግራኛለች። ፈገግ ብላ ነው የነገረችኝ፤ ግን ገብቶኛል።

እኔ የምለው ይህን ነው። አንባቢው የሚጠቀምበትን ነገር የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ቀድሞ መሞከር አለበት። ካልሞከረው በምን ይረዳዋል? ከተሳሳትኩ አርሙኝ። እናንተስ ከሞከራችኋቸው ውስጥ የትኛው ዘለቀ? የትኛውን ጣላችሁት?

መልሶቹ፣ በእኔ አነጋገር

መልሶቹ ሲበዙ አወያዩ ዘግይተው ለሚመጡ ሰዎች እንዲመች አጠር አድርጌ እንዳስቀምጣቸው ጠየቀኝ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም። ሐሳቤን ጣል ያደረግኩባቸው ቦታዎች አሉ። ክሩን፣ ማለትም ይህን ውይይት፣ የከፈትኩት እኔ ነኝና ይፈቀድልኝ።

መልስ 1

የመጀመሪያው መላሽ የሙያ አጋር ነው። በርቺ እህቴ ብሎ ጀመረና ሙሉ በሙሉ እንደሚስማማ ጻፈ። ምክንያቱን በአንድ ገጠመኝ ነው ያስረዳው። አንድ ትልቅ ሰው ልጃቸው የገዛችላቸውን የንባብ ታብሌት ይዘው ወደ እሱ ይመጣሉ። መጽሐፉ ፋይል ውስጥ አለ፤ አልከፈት ግን ይላል። እሱም ግማሽ ሰዓት ታገለ። አጠፋው፣ አበራው፣ ገመድ ቀያየረ። በኋላ ሲረዳው መጽሐፉ የተገዛው በልጅቷ አካውንት ነው፤ ስለዚህ በዲጂታል ቁልፍ ከእሷ አካውንት ጋር ታስሯል። ታብሌቱ ምንም ችግር አልነበረበትም። እሱ ራሱ አንድ ጊዜ እንኳ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ገዝቶ ቢያውቅ ኖሮ በሁለት ደቂቃ ይገባው ነበር። ሰውዬው አመስግነው ሄዱ፤ እሱ ግን ቀኑን ሙሉ ሲያፍር ዋለ።

ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። አለቃዬ ቢያየው ብዬም ተመኘሁ።

መልስ 2

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። ሁለተኛው መላሽ በጣም ጨዋ ነው፤ ግን መምህር ነገር ይመስላል። ስለ «23 ነገሮች» የጻፍኩት ሁለት ቦታ ላይ ስህተት እንዳለበት አሳየኝ። የተጀመረው በ2005 ሳይሆን በ2006 ነው። ጊዜውም 23 ሳምንት ሳይሆን 9 ሳምንት ነው። 23ቱ ነገሮች በዘጠኙ ሳምንታት ተከፋፍለው ነበር። ሠራተኞቹ መጀመሪያ የየራሳቸውን ብሎግ ከፈቱ፤ ከዚያ የሞከሩትን ሁሉ እዚያው ላይ ጻፉ። ለጨረሱት ኤምፒ3 ማጫወቻ ተሰጣቸው። ፕሮግራሙን ሌሎችም ወስደው እንዲጠቀሙበት ስለተፈቀደ ብዙ አገር ያሉ ቤተ መጻሕፍት እንደየራሳቸው አድርገው ሠርተውበታል።

ከእርማቱ ይልቅ የከነከነኝ ቀጥሎ ያነሳው ነጥብ ነው። ያ ሥልጠና ሠራተኛው ራሱ እንዲማር የታሰበ ነበር እንጂ የተሞከረው ሁሉ ወዲያውኑ ለአንባቢ አገልግሎት ይሆናል ተብሎ አልነበረም። እኔ ግን የሞከርኩትን ሁሉ በማግስቱ በቤተ መጻሕፍቱ ስም ለሕዝብ እከፍታለሁ። ልዩነቱ የገባኝ እየቆየ ነው።

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆኜ ሳላጣራ ዓመት መጻፌ አሳፍሮኛል። የመክፈቻ ጽሑፉን ግን አላረምኩትም። ካረምኩት መልስ 2 ትርጉም ያጣል።

መልስ 3

ለአንቺስ ኤምፒ3 ተሰጠሽ ወይ ብሎ ጠይቆ ሄደ። አልተሰጠኝም።

መልስ 4

ይህን ሁላችሁም ዋናውን ፈልጋችሁ ብታነቡት ይሻላል። ጸሐፊዋ ከዓመታት በፊት የምትሠራበትን ተቋም የድሮ ፎቶዎች ስካን አድርጋ አንድ ነፃ የፎቶ ድረ ገጽ ላይ አስቀመጠች። መቶዎች ናቸው። እያንዳንዱ ላይ ማን እንደሆነ፣ የት እንደተነሣ፣ ከምታውቃቸው አዛውንቶች እየጠየቀች ጽፋለች። ሥራው ወራት ፈጅቶባታል። ከዚያ እሷ ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረች።

ድረ ገጹ ከጊዜ በኋላ ደንቡን ለወጠ። ነፃ አካውንት ከተወሰነ ቁጥር በላይ ፎቶ መያዝ አይችልም፤ ትርፉ ይሰረዛል ተባለ። ማስጠንቀቂያውም ተልኳል። የተላከው ግን አካውንቱ ወደተከፈተበት ኢሜይል ነው። ያ ኢሜይል ሥራ የለቀቀ የሌላ ሠራተኛ ነበር። ማንም አላየውም። የመጀመሪያዎቹ ፋይሎች የነበሩበት ኮምፒዩተር ደግሞ በዚያው ዓመት ፎርማት ተደርጓል። ወረቀት ላይ ያሉት ፎቶዎች ዛሬም ካርቶን ውስጥ ናቸው። የጠፋው ጽሑፉ ነው። ስም የነገሯት አዛውንቶች ግማሾቹ ዛሬ የሉም።

ማንንም አልወቀሰችም። የቆጫት ጽሑፉን በአንድ ተራ ኤክሴል ሳትገለብጥ መቅረቷ ብቻ ነው።

መልስ 5

ይኸኛው መላሽ የመልስ 4ን ሐዘን ተቀብሎ የሟቾችን ዝርዝር ይዞ መጣ። የድረ ገጾችን አዳዲስ ጽሑፎች አንድ ቦታ ሰብስቦ የሚያሳየው ጉግል ሪደር በሐምሌ 2013 ተዘጋ። የማኅበራዊ ሚዲያ ጽሑፎችን መሰብሰቢያው ስቶሪፋይ በ2018፣ ማኅበራዊ ድረ ገጹ ጉግል ፕላስ በ2019 ተከተሉት። በየዘመኑ ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች እነዚህን ተማሩ ሲባል እንደነበረ አስታወሰን። እሱ ራሱ ጉግል ሪደርን ለሌሎች አሠልጥኗል። ስላይዶቹ እስካሁን አሉት፤ መሣሪያው ነው የሌለው።

ከዚህ ተነሥቶ ሞክሩ፣ ግን ብቸኛውን ቅጂ የሰው ቤት አታስቀምጡ የሚል ነገር ጻፈ። ስካን የተደረገው ዋናው ፋይል በቲፍ ወይም ሳይጨመቅ በሚቀመጥ ሌላ ፎርማት በራስ ዲስክ ላይ ይቀመጥ። ሌላ ቅጂ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ይኑር። ኢንተርኔት ላይ የሚወጣው ትንሹ የጄፔግ ቅጂ ይሁን። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ1999 የተጀመረውን «ሎክስ» የሚባል ፕሮጀክትም ጠቀሰ። ስሙ የተወሰደው ብዙ ቅጂ ካለ ነገር ይተርፋል ከሚል አባባል የመጀመሪያ ፊደላት ነው።

መልስ 6

እዚህ ላይ ነገሩ ሞቅ ማለት ጀመረ። መላሹ በፍርሃት የተቀመጠ ፎቶ ካርቶን ውስጥ ካለ ፎቶ በምን ይለያል ባይ ነው። የአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በጥር 2008 ከ3 ሺህ በላይ ፎቶዎች ፍሊከር በሚባል የፎቶ ማጋሪያ ድረ ገጽ ላይ እንዳወጣ አስታወሰ። ሰዎች ገብተው ቦታውን፣ ሰዉን፣ የመኪናውን ዓይነት ሳይቀር እየለዩ ጻፉ። ቤተ መጻሕፍቱም ያረጋገጠውን ወስዶ ካታሎጉን (ያለው ነገር ሁሉ የሚፈለግበትን መዝገብ) አረመበት። ይህ ፎቶው መሳቢያ ውስጥ ቢቀመጥ አይመጣም ነበር።

እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው። ከዚያ ግን ወደ መልስ 4 ዞሮ ጥፋቱ የድረ ገጹ ሳይሆን የእነሱ እንደሆነ፣ ኢሜይልና የይለፍ ቃል ሳይረካከቡ ሰው መልቀቅ የለበትም ብሎ ጻፈ። እውነት ነው። አነጋገሩ ግን ቁስል ላይ እንጨት መስደድ ነበር።

መልስ 7

የመልስ 4 ጸሐፊ ተመለሰች። በአጭሩ፣ ይህን ሳታውቅ ቀርታ እንዳልጻፈችው፣ ሰው ስህተቱን ሲናገር መልሶ በዚያው መምታት ደግ እንዳልሆነ ነገረችው። መልስ 6 በኋላ ይቅርታ ጠይቋል። እዚህ ቁጥር ሳልሰጠው ያለፍኩት አንድ ቃል ብቻ ስለነበረ ነው።

መልስ 8፣ 9 እና 10

የይለፍ ቃል የሚለው ነገር ሲነሣ ክሩ መንገድ ሳተ። አንዱ የቤተ መጻሕፍታቸው የይለፍ ቃሎች በሙሉ ማዋሻ ጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ ባለ ደብተር እንደተጻፉ በኩራት ተናገረ። ሌላዋ ደነገጠች። ደብተሩ ራሱ ችግር እንዳልሆነ፣ መሳቢያው ግን የማይቆለፍ ከሆነ ጉድ እንደሆነ ነገረችው። መሳቢያው አይቆለፍም። ቁልፉ ጠፍቷል።

ሦስተኛው ነው ቁም ነገር ይዞ የመጣው። ለአካውንቶች ሁሉ በሰው ስም ሳይሆን በክፍሉ ስም አንድ ኢሜይል ይከፈት። ሁለት ሰው ያውቀው። የይለፍ ቃሎቹ በአንድ የይለፍ ቃል ማስቀመጫ ፕሮግራም ይቀመጡ። የሁለት ደረጃ ማረጋገጫውም በአንድ ሠራተኛ የግል ስልክ ላይ ብቻ እንዳይሆን። ያ ሰው ፈቃድ በወጣ ቀን ሁሉም በር ላይ ይቀራል።

እኔ አጣራሁ። የቻናላችን፣ የብሎጋችን፣ የቪዲዮ ገጻችን ሁሉ የተከፈቱት በእኔ የግል ኢሜይልና ስልክ ነው። ነገ አንድ ነገር ብሆን ማንም አይገባባቸውም።

መልስ 11

እንግዲህ ያዙኝ። ይህ ሰው ካታሎገር ነው፤ መጻሕፍትን ካታሎግ ላይ የሚመዘግብ ባለሙያ። ሰላምታ የለውም። ቪዲዮ የምትሠራ ሠራተኛ ካታሎጓን አይታው ታውቃለች ወይ ብሎ ነው የገባው። ቀጥሎ የጻፈው ግን ስድቡን አስረሳኝ።

ነገሩ የፊደል ነው። አንድ አንባቢ ርዕሱ ላይ «ዓለም» የሚል መጽሐፍ ፈልጎ «አለም» ብሎ ቢጽፍ ካታሎጉ የለም ይለዋል። መጽሐፉ ግን ከጀርባው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ሀ፣ ሐ እና ኀ አሉ። ሰ እና ሠ አሉ። አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ። ሰው ሲናገራቸው አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን የተለያዩ ናቸው። «ፀሐይ» የሚለው አንድ ቃል ብቻ ቢያንስ በስድስት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል። አንዱ መዝጋቢ በአንዱ፣ ሌላው በሌላው መዝግቦታል። ይህ እያለ ኪውአር ኮድ መለጠፍ ቤት ሳይኖር በር መቀባት ነው ባይ ነው።

ተናድጄ የእኛን ካታሎግ ከፈትኩ። ፀሐይ ብዬ ፈለግኩ። ጸሐይ ብዬ ፈለግኩ። ፀሀይ ብዬ ፈለግኩ። ሦስቱም የተለያየ ውጤት ሰጡኝ። ሦስተኛው ላይ ምንም የለም አለኝ። በነገራችን ላይ በራችን ላይ «ቤተ መጻሕፍት» ነው የተጻፈው፤ እኔ የከፈትኩት ቻናል ደግሞ «ቤተመፃህፍት» ይላል።

መልስ 12

አንዲት ሴት መፍትሔ ይዛ መጣች። ቁጡው ሰውዬ ያነሣው ልክ እንደሆነ፣ ግን እልባት ያለው ነገር እንደሆነ አስረዳች። አንደኛው መንገድ ፕሮግራሙ ሲፈልግ ብቻ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ እንዲያመጣቸው ማድረግ ነው። ሐ እና ኀ ለፍለጋ ጊዜ እንደ ሀ ይቆጠራሉ። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ርዕስ ግን ደራሲው እንደጻፈው ይቀመጣል። ማንም አይነካውም። ሁለተኛው መንገድ፣ ፕሮግራሙ ይህን የማይችል ከሆነ በእጅ መሥራት ነው። ማርክ በሚባለው የቤተ መጻሕፍት የኮምፒዩተር አመዘጋገብ 246 የሚባለው መስክ የርዕሱን ሌላ አጻጻፍ ለመያዝ የተዘጋጀ ነው። እዚያ ውስጥ አንባቢ ሊጽፋቸው የሚችሉትን አጻጻፎች ማስገባት ነው። አሰልቺ ነው፤ ይሠራል ግን።

የድሮ ፋይሎች ያላቸውንም አስጠነቀቀች። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ኮምፒዩተሮች በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደላት ኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የፊደል ፕሮግራም የራሱ ኮድ ነበረው። በዚያ ዘመን የተተየበ ዝርዝር ዛሬ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ብቻ ሆኖ ይታያል። ጽሑፉ አልጠፋም፤ ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለበት። የሚቀይረው ሰው ደግሞ በየትኛው ፊደል እንደተጻፈ ማወቅ አለበት። ስለዚህ ያንን የሚያስታውስ ሠራተኛ ጡረታ ሳይወጣ ጠይቁት አለች።

ከክሩ ሁሉ እኔን የጠቀመኝ ይህ ነው።

መልስ 13

ለካታሎገሩ በትሕትና የመለሰ ሰው ነው። አዲስ ነገር መሞከር ጨዋታ ነው ከተባለ ኮሃም ጨዋታ ነበር ባይ ነው። ኮሃ ብዙዎች ለካታሎግና ለማዋሻ የሚጠቀሙበት ነፃ ፕሮግራም ነው። የተወለደው ኒውዚላንድ ውስጥ፣ ሆሮዌኑዋ በሚባል አካባቢ ባለ አነስተኛ የቤተ መጻሕፍት ድርጅት ነው። የነበራቸው ሲስተም 2000 ሲገባ ይቆማል ተብሎ ተፈራ። ሌላ ከመግዛት ይልቅ ራሳቸው አሠሩ። በጥር 2000 ሥራ ጀመረ። ከዚያ ማንም እንዲወስደው ለቀቁት። ስሙም በማኦሪ ቋንቋ ስጦታ ማለት ነው።

ካታሎገሩ ለዚህ መልስ አልሰጠም። ላይክ አድርጎታል ግን። አይቼዋለሁ።

መልስ 14፣ 15 እና 16

የፊደል ነገር አንዴ ከተነሣ ማን ያቆመዋል። አንዱ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት ይቀነሱ አለ። ሌላው ሠረቀ እና ሰረቀ ትርጉማቸው የተለያየ ነው፣ ፊደል የቀነሰ ትርጉም ቀነሰ ብሎ ተነሣበት። ሦስተኛው ሁለቱንም ትምህርታችሁን የት ነው የተማራችሁት ብሎ ጠየቀ። ከዚያ በኋላ የተጻፈውን አላስቀምጠውም። ስለ ቤተ መጻሕፍት የሚመለከት አንድ ዓረፍተ ነገር የለበትም። የሚገርመው ግን ሦስቱም በሚጽፉት መልስ ውስጥ አንዱን ቃል በሁለት ዓይነት ጽፈውታል።

መልስ 17

አወያዩ ገባ። ሦስቱንም በቁጥር ጠርቶ ገሠጻቸው። ስለ ፊደል መከራከር የፈለገ ሌላ ክር ይክፈት አለ። ተከፍቷል፤ ከዚህ ክር ይረዝማል።

መልስ 18

ነገሩ ከበረደ በኋላ የመጣው መልስ እኔን ብቻ ነበር የሚመለከተው። ጸሐፊዋ በጣም ረጋ ያለች ናት። አንባቢ ምን እንዳነበበ የራሱ ምስጢር ነው፤ ቤተ መጻሕፍት ሐኪም የሕመምተኛን ነገር እንደሚጠብቅ ያንን መጠበቅ አለበት ብላ ጀመረች። ከዚያ ጠየቀችኝ። ቪዲዮ ስትቀጂ ከጀርባሽ ማን ተቀምጧል? ኪውአር ኮዱ የሚያልፈው በማን ሊንክ ማሳጠሪያ ነው፣ ማን ምን እንደከፈተ የሚመዘግበው ማነው? መጽሐፍ ማስያዣ ብለሽ የከፈትሽው ነፃ ቅጽ የሰውን ስምና ስልክ የት ያስቀምጣል?

ሦስቱንም አላሰብኳቸውም ነበር። ቪዲዮዎቹን መልሼ አየሁ። በአንዱ ላይ አንዲት ልጅ ከጀርባዬ ተቀምጣ ታነባለች። ፊቷ በደንብ ይታያል። የያዘችው መጽሐፍ ሽፋንም ይነበባል። ስለ ሕመም የተጻፈ መጽሐፍ ነው። ያንኑ ማታ ቪዲዮውን አወረድኩት። ልጅቷን ግን አላውቃትም፤ ይቅርታ ልጠይቃት አልቻልኩም። ስንት ሰው እንዳየው ቁጥሩ እዚያው ተጽፎ ነበር። አልነግራችሁም።

መልስ 19

ስለ ኤአይ ነው። አንድ ተማሪ ሰባት መጻሕፍት የተዘረዘሩበት ወረቀት ይዞ ወደ መላሿ ይመጣል። ደራሲዎቹ አሉ። ርዕሶቹም ደንበኛ ርዕስ ይመስላሉ። ግማሽ ቀን ፈለገች። አራቱን አገኘች፤ ሦስቱ በዓለም ላይ የሉም። ተማሪው በመጨረሻ ዝርዝሩን ከኤአይ እንደወሰደው ተናገረ። እሷ ግን እስከዚያ ድረስ ካታሎጓን ስትጠረጥር ነበር። አሁን ማንም ዝርዝር ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ ከየት እንዳመጣው ትጠይቃለች። ቀጥላ ወርልድካት በሚባለው የብዙ ቤተ መጻሕፍት የጋራ ካታሎግ ላይ ትፈልጋለች። የሌላ ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ላይም ጭምር ካጣችው ያኔ ታቆማለች።

መልስ 20

ይኸኛው ኤአይን ሲከላከል የመጣ ነው። ካሜራ ሠራተኛ አያባርርም፣ ኤአይም እንዲሁ ብሎ ጀመረ። (ምን ለማለት እንደፈለገ አልገባኝም።) እሱ የሚጠቀምበት ግን ሌላ ነው። ርዕስ አይጠይቀውም። መጽሐፉ እጁ ላይ እያለ ማውጫውን ያስገባና አጭር መግለጫ እንዲያረቅለት ያደርጋል። ከዚያ መስመር በመስመር ያርመዋል። በአማርኛ ሲሆን እርማቱ ከመጻፉ ይበልጣል፤ ስለዚህ ለአማርኛዎቹ ትቶታል። ሐቀኛ ሰው ነው።

መልስ 21

ወደ መልስ 1 የተመለሰ አንድ ሰው የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍን ነገር ቀጠለ። ቤተ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ አይገዛም፣ ይከራያል እንጂ። ሃርፐርኮሊንስ የተባለው አሳታሚ በ2011 አንድ ቅጂ 26 ጊዜ ከተዋሰ በኋላ ፈቃዱ እንዲያልቅ ወስኖ ነበር። የወረቀቱ መጽሐፍ ግን 26 ጊዜ ተውሶ ሽፋኑ ብቻ ነው የሚላጠው አለ። እውነቱን ነው፤ እኛ ጋ ከዚያ በላይ የተዋሰ መጽሐፍ ሞልቷል። አንዱን በፕላስተር ነው የያዝኩት።

መልስ 22

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ አይደለም። አንባቢ ነው። ክሩን ከላይ እስከ ታች እንዳነበበው ነገረን። ከዚያ የጻፈው ከአምስት መስመር አይበልጥም። የሚሄድበት ቤተ መጻሕፍት ብሎግ አለው፣ ቻናል አለው፣ ቪዲዮ አለው፣ በሩ ላይ ኪውአር ኮድ አለው። እሱ ማወቅ የፈለገው ቅዳሜ እስከ ስንት ሰዓት ክፍት እንደሆነ ነበር። አራቱም ቦታ ፈለገ። አንዱ ላይ የለም። ሁለቱ የተለያየ ሰዓት ይላሉ። ኪውአር ኮዱ የማይከፈት ገጽ ላይ ወሰደው። በእግሩ ሄዶ ዝግ በር ገጠመው።

አልተናደደም። ይህን ሁሉ ስትሞክሩ የአሮጌውን ማን ይዘጋዋል ብሎ ብቻ ጠየቀ።

መልስ 23

ይህ የራሴ ነው። በዚያ ቀን ከሥራ በኋላ ቁጭ ብዬ በቤተ መጻሕፍቱ ስም የከፈትኳቸውን ሁሉ በወረቀት ጻፍኩ። አሥራ አንድ ሆኑ። አምስቱን ረስቻቸው ነበር። ብሎጉ ላይ ያለው ሰዓት ያለፈው ዓመት ነው። ቻናሉ ላይ ከላይ የተሰካው መልእክት ላይ ያለው ሌላ ሰዓት ነው። ፖድካስቱ ሦስተኛው ክፍል በቅርቡ ይጠብቁን ይላል።

ሰባቱን ዘጋሁ። ከመዝጋቴ በፊት ውስጣቸው ያለውን አውርጄ ቢሮ ኮምፒዩተርና ሌላ ዲስክ ላይ አስቀመጥኩ፤ ለዚህ የመልስ 4 እና 5 ጸሐፊዎች ይመስገኑ። የቀሩትን አራቱን ወደ ክፍሉ ኢሜይል አዛወርኩ። የይለፍ ቃሉን ለዚያች ለተቆለለው መጽሐፍ ለነገረችኝ ባልደረባዬም ሰጠኋት። ሰዓቱን በአራቱም ላይ አንድ አደረግኩ። 246ን ሰኞ እጀምራለሁ። መደርደሪያ ላይ የለጠፍኳቸውን ኪውአር ኮዶች አንድ በአንድ በስልኬ ሞከርኩ፤ ከሃያው ዘጠኙ ሞተዋል። ላጥኳቸው። ማስቲሹ እንጨቱ ላይ ቀርቷል።

መሞከሬን አልተውኩም። ይህን ለአለቃዬም ነግሬዋለሁ። አዲስ ነገር ስጀምር ግን መጀመሪያ ለራሴ ብቻ ነው የምከፍተው።

መልስ 24

የመልስ 3 ጸሐፊ ተመልሶ ክሩ 23 መልስ ሞልቷል፣ ኤምፒ3ው የታለ አለ።

ከዚህ በኋላ የመልስ 22ን ጸሐፊ የሚሄድበት ቤተ መጻሕፍት የትኛው እንደሆነ ጠየቅኩት። እዚህ ላይ መጻፍ ካልፈለገ በግል መልእክት እንዲልክልኝም ነገርኩት። ሦስት ቀን ሆነ። መልእክቱን እንዳየው ምልክቱ ያሳያል። እስካሁን ግን አልመለሰልኝም።